የወገብ ሕመም ሲመላለስ፦ ለኳስ ተጫዋችና ለሯጭ ወጣቶቻችን



በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው ኢዲዶ በቡናዋ የታወቀች ቀበሌ ናት። አገሩ ኮረብታማ በመሆኑ የሰው ውሎ በአቀበትና በቁልቁለት ነው። ቡና ሲደርስ ወጣቱ እሸቱን ሲለቅምና ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሲሸከም ይውላል፤ ኳስ ወዳድ ከሆነ ደግሞ በዚያው በደከመ ወገቡ ወደ ሜዳ ይወጣል። ሲያመው ይተኛል፤ በሙቅ ጨርቅ ይተኩሰዋል፤ ወይም ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል። ሲሻለው ወደ ኳሱ ይመለሳል፤ ጥቂት ቆይቶም እንደገና «ወገቤን» ይላል። ከሦስት ወር በላይ የቆየውን ሐኪሞች ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል። ለመሆኑ ለምን ይመላለሳል?

የሰውነታችንን ሚዛን የሚጠብቁት ዓይንና የውስጥ ጆሮ ብቻ አይደሉም። በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባይ ነርቮችም ገላችን ወዴት እንዳዘነበለ ያለማቋረጥ ለአንጎል ይነግራሉ። ወገብ ሲታመም ይህ መልእክት ይዛባል፤ የጡንቻውም ምላሽ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን ሰዎች ክንዳቸውን በፍጥነት እንዲያነሱ አድርገው ጡንቻቸውን ለኩ። በጤነኞቹ ዘንድ ጥልቁ የሆድ ጡንቻ ክንዱን ቀድሞ ሲኮማተር፣ ወገባቸውን በሚያማቸው ዘንድ ግን ዘገየ። መዘግየቱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ይሁንና በአንድ እግሩ ቆሞ በሌላው ኳስ ለሚመታ ሰው ይህችው ቅጽበት ብዙ ናት።

በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡት ጥናት ደግሞ 300 ያህል የኮሌጅ ስፖርተኞችን የተከታተለ ነበር። የወገብና የሆድ ጡንቻቸው ምላሽ የዘገየባቸው በኋላ ለወገብ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። እንግዲያው መዘግየቱ ሕመሙን ተከትሎ ብቻ ሳይሆን ቀድሞም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ዕረፍት ብቻውን ይህን አያስተካክልም። ወገባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያመማቸውን 39 ሰዎች የተከታተሉት ጁሊ ሃይድስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 እንደገለጹት፣ ልዩ የጡንቻ ልምምድ ካልሠሩት ውስጥ 84 በመቶው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ተመልሶባቸዋል፤ ከሠሩት ግን 30 በመቶው ብቻ። ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዩሴን ቦልትም ከልጅነቱ የአከርካሪ መጣመም ነበረበት፤ የሆድና የጀርባ ጡንቻውን በትጋት እያጠነከረ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሮጧል።

ሚዛናችንን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልገንም። ውዱእ ስናደርግ ቆመን አንድ እግራችንን ስናነሳ ግድግዳ ለመያዝ እንቸኩላለንን? ልምምዱም ቀላል ነው። ግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፤ ሲለመድ ዓይንን ጨፍኖ መድገም። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ ክንድንና ግራ እግርን በአንድነት መዘርጋት፣ ከዚያም ማቀያየር። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ ዳሌን ቀስ ብሎ ማንሳት። ከባድ ሸክም በዋለበት ምሽት ኳሱ ቢቀር ይሻላል እንላለን፤ ወጣቶቹ ግን ይህን ምክር የሚወዱት አይመስለንም! ነገሩ እህቶቻችንንም ይመለከታል፤ ውኃ በጄሪካን ተሸክማ የምትውል ልጅ ወገብ ከተጫዋቹ የተለየ አይደለም።

ሩኩዕና ሱጁድ የሚያሳምመው ወጣት መስጂድ ውስጥ ወንበር ላይ መቀመጥን ያፍራል። መቆም ወይም ማጎንበስ ላልቻለ ሰው ሸሪዓችን ተቀምጦ፣ ራሱን ዝቅ እያደረገ እንዲሰግድ ፈቅዶለታል፤ ዕድሜን ግን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም።

በልምምድ ብቻ የማይታለፍም አለ። ወደ ኋላ ሲለጠጥ የሚያመው ታዳጊ የአከርካሪ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም እስኪያየው ስፖርቱን ያቁም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ያለበት የወገብ ሕመም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በመታሸት አይድንም፤ በመድኃኒት ግን ይድናል። እግር ከሰነፈ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ ግን ቀን መቁጠር አይገባም፤ በዚያው ዕለት ዲላ ወደሚገኘው ሪፈራል ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።