ለንደን የቀረው ሞአይ

ሞአይ የራፓ ኑይ ሰዎች ለሙት አባቶቻቸው የጠረቧቸው የድንጋይ ሐውልቶች ናቸው። ደሴታቸው ከቺሊ ጠረፍ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ፓሲፊክ መካከል ትገኛለች፤ የሆላንዱ መርከበኛ ያኮብ ሮጌቬን እ.ኤ.አ. በ1722 በፋሲካ ዕለት ስለደረሰባት የፋሲካ ደሴት ተብላለች።

ሐውልቶቹ ወደ 1,000 ይጠጋሉ። አብዛኞቹ የወጡት ራኖ ራራኩ ከተባለው ተራራ ነው። አለቱ የጠጠረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ጠራቢዎቹም ብረት ስላልነበራቸው ቶኪ በሚሉት ጠንካራ ድንጋይ የሐውልቱን ፊትና ጎን ፈልፍለው ይጨርሱና ጀርባውን በመጨረሻ ከአለቱ ያላቅቁት ነበር። ያልተላቀቁም አሉ፤ ትልቁ፣ 21 ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ እስከ ዛሬ በጀርባው እንደተንጋለለ ነው። የደሴቲቱ ሽማግሌዎች ሞአዮቹ በእግራቸው ሄዱ ይላሉ። አባባሉ ከንቱ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ቴሪ ሃንትና ካርል ሊፖ ከ4 ቶን በላይ የሚመዝን አምሳያ አቁመው፣ 18 ሰዎች በገመድ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ አራምደውታል። ድሮ ሞአይ ቦታው ደርሶ ከነጭ ዛጎል ድንጋይ የተሠራ ዓይን ሲገባለት፣ ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ መንደሩን ይጠብቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1862 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ብዙ ሰዎችን አግዘው ወሰዱ፤ የተመለሱት ጥቂቶችም ፈንጣጣ ይዘው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1877 በደሴቲቱ የቀሩት 111 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ቶፓዝ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ የደረሰችው በዚህ መከራ መሐል፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1868 ነው። መርከበኞቹ ኦሮንጎ በተባለ የደሴቲቱ ስፍራ በአንድ የድንጋይ ቤት ውስጥ እስከ ትከሻው የተቀበረ ሞአይ አገኙ፤ ስሙ ሆአ ሃካናናኢአ ይባላል። ቁመቱ 2.42 ሜትር ሲሆን ጀርባው ላይ የወፍ ራስ ያላቸው ሰዎች ተቀርጸውበታል። ሲወጣ ቀይና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ወደ መርከቧ በባሕር ሲጎተት ቀለሙ ታጥቦ ሄደ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለብሪቲሽ ሙዚየም ሰጠችው። በዚያው በ1868 ሚያዝያ ሌላ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘርፎ ነበር፤ ከዚያ የወጡ ታቦታትም ያሉት እዚያው ሙዚየም ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የራፓ ኑይ መልእክተኞች ለንደን ሄደው ሞአዩ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ለእነርሱ ሞአይ ዘመድ ነው፤ አሪንጋ ኦራ፣ ሕያው ፊት፣ ይሉታል። በወቅቱ የደሴቲቱ ገዥ የነበሩት ታሪታ አላርኮን ራፑ ከሙዚየሙ ደጃፍ ቆመው እያለቀሱ ለመኑ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣ ሕግ ንብረቱን አሳልፎ እንዳይሰጥ ተከልክሏል፤ ያንን ሕግ መለወጥ የሚችለው የእንግሊዝ ፓርላማ ነው።