ቪዛው ተራዘመ፣ መንገዱ ተዘጋ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ይፋ ያደረገችው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተጣደፈ። መጋቢት 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ ማቆሙ ተነገረ። መጋቢት 14 የየብስ ድንበር ተዘጋ፤ ከውጭ የሚገባውም ሁሉ 14 ቀን በራሱ ወጪ ሆቴል እንዲቀመጥ ተወሰነ።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ለገናና ለጥምቀት መጥቶ "ፋሲካን ከቤተሰብ ጋር ውዬ እመለሳለሁ" ላለ ዲያስፖራ ከዚህ የከፋ አጋጣሚ አልነበረም። ለምሳሌ ቢቸናንና ሞጣን እንውሰድ፤ ከደጀን ተነስቶ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። በመጋቢት መጨረሻ የአማራ ክልል የከተማ ለከተማ ትራንስፖርት አገደ፤ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀናት ተዘጉ። ሞጣ ላይ ለነበረ እንግዳ በባሕር ዳር በኩል መውጫ አልነበረም፤ በደጀን በኩል ደግሞ የዓባይን በረሃ የሚያሻግር አውቶቡስ አልነበረም።

የቪዛ ጉዳይ ያልቅ የነበረው ግን ባመዛኙ አዲስ አበባ፣ ኢሚግሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ "ቢጫ ካርድ" የሚባለው፣ ዋጋው ታየ። አዋጁ ባለካርዱን ከመግቢያ ቪዛ ነፃ ያደርገዋል። አንድ ቤት ያረፉ፣ አንድ ዓይነት የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ወንድማማቾች ቢኖሩ፣ ካርድ ያለው የሚጨነቀው ስለ አውሮፕላን ብቻ ነው፤ በቱሪስት ቪዛ የገባው ግን ቀን ይቆጥራል።

ድርጅት ከጀርባው ያለው ሰው ቶሎ ወጣ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ከነማቋረጡ፣ ወደ ኢትዮጵያ መምህራን ሲልክ የኖረው የአሜሪካ ሰላም ጓድ መጋቢት 6 በመላው ዓለም የነበሩትን ከ7,000 በላይ በጎ ፈቃደኞቹን ጠራ። ለሌላው የቀረው አየር መንገዱ ሳያቋርጥ ባቆያቸው ጥቂት መስመሮችና የየአገሩን ዜጎች በሚመልሱ ልዩ በረራዎች ላይ ወንበር መፈለግ ነበር።

በተቃራኒው አቅጣጫም ጭንቀቱ ያው ነው። ልጇን ልታርስ አሜሪካ ሄዳ የቀረች የጎጃም እናት ትታሰብ። እንግሊዝ የአገልግሎት ጊዜው ያበቃን ቪዛ ደረጃ በደረጃ እስከ ሐምሌ 24 አራዝማለች፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ እንደሚቆይ ካስታወቁ በኋላ በሐምሌ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። አሜሪካ ግን ለሁሉም በጅምላ አላራዘመችም፤ ጎብኚው የቆይታ ፈቃዱ ሳያልቅ ራሱ ማመልከት ነበረበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፦ ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ገና ጊዜ ቢኖረውም፣ ወሳኙ ጎብኚው ሲገባ የተሰጠው የቆይታ ቀን ነው።

በዓረብ አገራት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው። ከአሠሪዋ ከጠፋች ሕገወጥ ናት፤ የሚራዘምላትም ወረቀት የለም። ለእንዲህ ዓይነቷ የጠቀመው ምሕረት ነው። ኩዌት ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 22 ፈቃድ የሌላቸው ሁሉ ያለ ቅጣት፣ የአውሮፕላን ወጪያቸው ተሸፍኖላቸው እንዲወጡ ፈቀደች። ሳዑዲ ዓረቢያ የሕጋዊ ነዋሪዎችን ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) በነፃ ለሦስት ወር ስታራዝም፣ በዚያው ሰሞን ፈቃድ የሌላቸውን ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን ትጠርዝ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ለወረርሽኙ ሲባል ይቁም እስኪል ድረስ። ተመላሾቹን አዲስ አበባ ላይ የተቀበሏቸው ለይቶ ማቆያ የሆኑ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነበሩ።

የሊባኖሱ ከሁሉም የከፋ ነው። የቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ ከመጋቢት 9 እስከ ሰኔ 23 ለመደበኛ መንገደኞች ተዘግቶ ቆየ። የሊራው ዋጋ ሲወድቅ ደመወዝ በዶላር መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች የቤት ሠራተኞችን በመኪና እያመጡ የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ደመወዛቸውንም ፓስፖርታቸውንም አልያዙም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ከተከፈተ ከአንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 28፣ የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ደረሰ።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ ከመሄዷ በፊት ገለጻ እንዲሰጣት ያዛል። ከቢቸናና ከሞጣ የሚነሱ ልጆችን የሚያስተናግዱ የሥራ ጽሕፈት ቤቶች በዚያ ገለጻ ላይ አንድ ነገር ቢጨምሩ መልካም ነው፦ የፓስፖርቷ፣ የውሏና ከደረሰች በኋላ የምታገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ቤተሰቧ ዘንድ ይቀመጥ።