ልጆቻችንን ሰው መጠየቅ እናስተምራቸው

በአገራችን ልማድ የታመመ ይጠየቃል፣ አራስ ትጠየቃለች፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት ለቅሶ ይደረሳል። ልጆችም የእናታቸውን ሰሃን ተሸክመው፣ አባታቸውን እድር ድረስ ተከትለው ይህን ሥርዓት ይማሩት ነበር። ማንም አስቀምጦ አላስተማራቸውም።

በካምፕ ኑሮ ግን ይህ በራሱ አይመጣም። የካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆች አሉን። እነዚህ ልጆች ነፍስ ካወቁ ጀምሮ የሚያዩት ሰልፍ ነው፤ የውሃ ሰልፍ፣ የራሽን ሰልፍ፣ የክሊኒክ ሰልፍ። ሰው ተቀባይ ብቻ ይመስላቸዋል። በሌላ በኩል ዘመድ አጠገባቸው የሌለ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን በየብሎኩ ብቻቸውን ይውላሉ። ሁለቱን ማገናኘት የወላጆችና የኮሚኒቲያችን ሥራ ነው።

«እኛው በእርዳታ እየኖርን ልጆቻችን ምን ይዘው ይሄዳሉ?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በተለይም እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ እጅግ ከተቀነሰ ወዲህ ከጓዳ ቆንጥሮ ማውጣት ለብዙዎቻችን ከባድ ሆኗል። ይሁን እንጂ ልጅ ይዞ የሚሄደው ጉልበቱንና ጊዜውን ነው። ውሃ መቅዳት፣ ደጅ መጥረግ፣ የክሊኒክ ቀጠሮ ማንበብ፣ ስልክ ደውሎ ከሩቅ ዘመድ ጋር ማገናኘት፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ጨዋታቸውን ማዳመጥ ሳንቲም አያስወጣም።

ጥየቃው መልካም ፍሬ እንዲያፈራ የሚከተሉትን ልብ እንበል።

1. አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቅ። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ትልቅ ሰው ሄዶ የሚጠየቁትን ሰው ያነጋግር። ችግራቸው እንዲታይባቸው የማይወዱ አሉ። የሚመቻቸውንም ሰዓት እነሱ ይምረጡ።

2. አብረን እንሂድ። ልጅ ከምክር ይልቅ ካየው ይማራል። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ ወላጆች ከሚያውቁት ትልቅ ሰው ጋር ይሂዱ። ልጅን ብቻውን ወደ ማንም ቤት አንላክ። ይህም ጠያቂውንም ተጠያቂውንም ለመጠበቅ ነው።

3. ሥራው እንደ ዕድሜያቸው ይሁን። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለትንሽ ልጅ 5 ሊትር ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኬንያ በ1990 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅን ጤናውን ከሚጎዳና ትምህርቱን ከሚያደናቅፍ ሥራ ይጠብቃል። ስለሆነም ጥየቃው ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ፀሐይ ሲበርድ ይሁን። በዝናብ ወቅት ታራች ወንዝ ሲሞላ ልጆች እንዳይሻገሩ።

4. ጤናን እንጠብቅ። ከመግባትም ከወጡም በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር ስለሚገባው ወደ ክሊኒክ እንዲሄድ እንርዳው። ውጤቱ እስኪታወቅ ልጆች ከደጅ ሆነው ሰላም ይበሉት።

5. ክብርን እንጠብቅ። ልጆቹ «ቤቶች!» ብለው እስኪፈቀድላቸው ይጠብቁ፤ «እማማ»፣ «አባባ» ብለው ይጥሩ። የታመመውን እንደ እምነቱ «እግዜር ይማርዎ» ወይም «አላህ ያሽርዎ» ይበሉ። የማንንም ሃይማኖትና ብሔር መርጠው አይጠይቁ። በዚያ ቤት ያዩትን ጉድለት ውሃ ቧንቧ ጋ አያውሩ፣ በስልክም ፎቶ አያንሡ።

6. የሚጠየቁትም ይስጡ። አረጋውያን ተረት ሲያወሩ፣ ፊደል ሲያስቆጥሩ፣ ሲመርቁ ሰጪ ይሆናሉ። ጥየቃን ከምጽዋት የሚለየው ይህ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚያፍርም የሚኮራም አይኖርም።

ከጥየቃ መልስ ልጆቹን «ምን አያችሁ? ምን ቀረ?» ብለን እንጠይቃቸው። አንዱ የተቀደደ የወባ አጎበር አይቶ ይሆናል፣ ሌላዋ መድኃኒት ማለቁን። ይህን ለትልቅ ሰው መንገር ራሱ አገልግሎት ነው። በዚህም የሌላውን ችግር ማስተዋል ይለምዳሉ።

ከሁሉ በላይ ቃል እንጠብቅ። «ቅዳሜ እንመጣለን» የተባሉ አዛውንት ቅዳሜን ሙሉ ደጅ ደጁን ሲያዩ ይውላሉ። በየሳምንቱ ጀምሮ ከመቋረጥ በየሁለት ሳምንቱ ሳያስቀሩ መሄድ ይሻላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ከአንድ ብሎክ አራት ቤተሰቦች ተነጋግረው ተራ ቢገቡ ለማንም አይከብድም። እንግዲህ በብሎካችን ጠያቂ የሌለው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ እንወቅ፤ ከልጆቻችን ጋር ተመካክረንም ቀን እንቁረጥ።