የእጅዎ ሥራ የሌላ ሰው ንብረት እንዳይሆን

በረዶ በጣለበት ሌሊት ከአየር ማረፊያ ተሳፋሪ ጭነው ዳገት ላይ ጎማዎ በባዶ ሲሽከረከር ምን እንደሚሰማዎ እናውቃለን። ተሳፋሪው ሰዓቱን ያያል፤ እርስዎ ደግሞ «ይህን መኪና የሠራው ሰው አንድ ሌሊት ታክሲ ነድቶ ቢያውቅ ኖሮ» ይላሉ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ከሞተር ጋር የሚውል ሰው የማሽኑን ጉድለት ቢሮ ከተቀመጠው መሐንዲስ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል። ከማማረር አልፈው ጋራዥ ውስጥ ብረት የቆረጡ፣ ቶርኖ ቤት ሄደው ያስቀረጹም አይጠፉም። የዛሬው ዓምዳችን ለእነርሱ ነው።

ምክራችን አጭር ነው። ፈጠራዎን ለማንም ከማሳየትዎና ለማንም አሻሻጭ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት፣ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳልሠራው ይፈልጉ፤ ከዚያም በስምዎ ያስመዝግቡት። ይህን የምንለው ከመኪና ታሪክ በሦስት ሰዎች ላይ የደረሰውን አይተን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ የተጻፈ ወረቀት

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ የምህንድስና ትምህርት አልነበረውም። ሻይ፣ ስኳርና የወጥ ቤት ዕቃ እያዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ይሁን እንጂ በ1876 በአራት ምት የሚሠራውን ሞተር ሠርቶ አሳየ። መሳብ፣ ማመቅ፣ ማቃጠል፣ ማስወጣት፤ ዛሬ በቤንዚን የሚሄድ ታክሲ ያለው ሰው ሁሉ የሚነዳው በዚሁ ሥርዓት ነው። በ1877 ፓተንት ተሰጠው፤ ፋብሪካውም በለጸገ።

በ1886 ግን በጀርመን አገር የፓተንቱ ዋና ክፍል ተሰረዘ። ምክንያቱ አልፎንስ ቦ ደ ሮሻ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1862 ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ የአራቱን ምት ሥርዓት አስቀድሞ ገልጾ መገኘቱ ነው። ቦ ደ ሮሻ ሞተሩን ሠርቶ አላሳየም፤ ጽሑፉንም ያነበበው ጥቂት ሰው ነበር። ሆኖም የኦቶ ተቀናቃኞች ያንን ወረቀት ፈልገው አገኙት።

ዛሬም ሕጉ ከዚህ አይርቅም። ፈጠራዎ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ አስቀድሞ ታትሞ ከሆነ አዲስ አይባልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይፈልጉ። የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ መፈለጊያ በነፃ ነው፤ ጉግል ፓተንትስም እንዲሁ። በልዩ ልዩ ከተሞች የሚገኙ አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት የፓተንት መረጃ ማዕከል አላቸው፤ ሠራተኞቹ ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ያለ ክፍያ ያሳያሉ። ሁለት ቅዳሜ ቢያጠፉ ብዙ ሺህ ዶላር ሊያድኑ ይችላሉ።

የአንጥረኛውና የአማቹ ሥራ

ሁለተኛው ታሪክ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ክሊንተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነ ነው። ኦቶ ዛኮው አንጥረኛና መካኒክ ነበር፤ ከአማቹ ከዊሊያም ቤሰርዲች ጋር ጋራዥ ነበራቸው። እንደሚነገረው ዛኮው አንድ ቀን መኪና አሸዋ ላይ ይይዘውና ወደ ፊት አልሄድ ሲለው ወደ ኋላ ነድቶ ያወጣዋል። ጎማዎቹ ሁሉ ጉልበት ቢኖራቸውስ ብሎ ማሰብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው ይባላል።

ችግሩ የፊት ጎማ ነበር። የፊት ጎማ መሪውን ተከትሎ ይዞራል፤ የሞተሩን ጉልበት የሚያደርስለት ዘንግ ደግሞ ጎማው ሲዞር አብሮ መታጠፍ፣ እየታጠፈም መሽከርከሩን አለማቋረጥ አለበት። ዛኮው በኳስ መሰል ሽፋን ውስጥ የገባ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ ሠራና በ1908 ፓተንት አገኘ። ከዚያ የተነሣው ኩባንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ጦር በሺዎች የሚቆጠሩ ፎር ዊል የጭነት መኪናዎች ሸጧል።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ሰዎች በቂ ገንዘብ ስላልነበራቸው የከተማው ሰዎች ባለ አክሲዮን ሆነው ገቡ፤ የኩባንያውም አመራር ከፈጣሪዎቹ እጅ ወጣ። ቤሰርዲች ኩባንያውን ለቆ በ1917 ከሌላ ሸሪክ ጋር፣ አዳዲስ ፓተንቶች ይዞ፣ ዛሬ ኦሽኮሽ ተብሎ የሚታወቀውን የጭነት መኪና ፋብሪካ አቋቋመ።

ይህ ለእኛ ሰው ቅርብ ነገር ነው። እኛም ከአማች፣ ከአብሮ አደግ፣ ከዕቁብ ጓደኛ ጋር ነው የምንሠራው፤ ውል መጻፍም ያለመተማመን ይመስለናል። በአሜሪካ ሕግ ግን አንድ ፓተንት ሁለት ባለቤቶች ካሉትና በመካከላቸው የተጻፈ ስምምነት ከሌለ፣ እያንዳንዱ ሌላውን ሳያስፈቅድ ሊሠራበትና ለሌላ ኩባንያ ሊያከራየው ይችላል። ያገኘውንም ገንዘብ የማካፈል ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ገንዘብ ያበደረዎትን ሰው በፈጣሪነት አያስመዝግቡት። ፈጣሪ የሚባለው ሐሳቡን ያመነጨ ሰው ብቻ ነው፤ ያበደረው ሰው ድርሻ በውል ይጻፍለት። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

ፓተንት ሰዓት ነው

ሦስተኛው ሰው አሜሪካዊው ቨርነን ግሊስማን ነው። እርስዎ እንደሚያውቁት ዲፈረንሻል ባይኖር መኪና ደኅና አድርጎ መታጠፍ አይችልም፤ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ መዞር አለበትና። ተራው ዲፈረንሻል ግን አንድ ነውር አለው። ለሁለቱም ጎማዎች የሚሰጠው ጉልበት እኩል ስለሆነ፣ አንደኛው በረዶ ላይ ከቆመ ደረቅ አስፋልት የያዘውም የሚያገኘው ያንኑ ያህል ትንሽ ጉልበት ነው። ዳገቱ ላይ ተሳፋሪ ጭነው የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ግሊስማን እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ ያላቸውን ማርሾች ተጠቀመ። እንዲህ ያለው ብሎን ጥርሱን በቀላሉ ያዞራል፤ ጥርሱ ግን መልሶ ብሎኑን ለማዞር ይቸገራል። በዚህ መተሻሸት የተነሣ አንዱ ጎማ ሊንሸራተት ሲል ጉልበቱ ወዲያው መሬት ወደያዘው ጎማ ያዘነብላል፤ ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። ቶርሰን ተብሎ የተጠራው ይህ ዲፈረንሻል በ1980ዎቹ በአውዲ ፎር ዊል መኪኖችና ሀምቪ በሚባለው የአሜሪካ ጦር መኪና ውስጥ ገባ። ጉድለትም አለው፤ አንዱ ጎማ ጨርሶ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ሌላውም ብዙ አይረዳም።

አሁን ዓመቶቹን ይቁጠሩ። ግሊስማን የመጀመሪያውን ፓተንት ያገኘው በ1958 ነው። በዚያን ጊዜ ሕግ ፓተንት ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ብቻ ይቆይ ስለነበር ያ ፓተንት በ1975 አበቃ። ትልልቆቹ ገዢዎች የመጡት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ዘመኑ መደበኛው ማመልከቻ ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው፤ በመካከልም በሦስት ዓመት ተኩል፣ በሰባት ተኩልና በአሥራ አንድ ተኩል የማቆያ ክፍያ አለ። ያልከፈለ ሰው ፓተንቱ ይሞትበታል። ስለዚህ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መቀመጥ አይበጅም፤ ገዢ መፈለግ የሚጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ነው።

እንግዲህ እርስዎ ምን ያድርጉ?

አንደኛ፣ ከመጋቢት 2013 ወዲህ በአሜሪካ ቅድሚያ የሚሰጠው መጀመሪያ ላመለከተ እንጂ መጀመሪያ ላሰበ አይደለም። «እኔ ነበርኩ ያሰብኩት» ማለት ብዙ አይረዳም።

ሁለተኛ፣ ከ1995 ጀምሮ ጊዜያዊ ማመልከቻ የሚባል ርካሽ መንገድ አለ። ቦታዎን ለ12 ወር ይይዝልዎታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መደበኛውን ማመልከቻ ካላስገቡ ግን ዋጋ የለውም፤ ጊዜያዊው በራሱ ፓተንት ሆኖ አያውቅም። ሥዕሉና ማብራሪያው ሌላ መካኒክ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ የተሟላ ይሁን፤ ያልጻፉት ነገር አይጠበቅልዎትም።

ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ሥራዎን ካሳዩ ወይም ለሽያጭ ካቀረቡ በኋላ ለማመልከት የአንድ ዓመት ጊዜ አለዎት። በአውሮፓ ግን ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ የታየ ነገር ባጠቃላይ አዲስነቱን ያጣል። ፓተንት የሚሠራውም በሰጠው አገር ብቻ ነው፤ የአሜሪካው ዱባይ ወይም አዲስ አበባ ላይ አያስከብርዎትም።

አራተኛ፣ ገቢው አነስተኛ የሆነ ፈጣሪ መስፈርቱን ካሟላ ከብዙዎቹ የመንግሥት ክፍያዎች ላይ 80 በመቶ ይቀነስለታል። ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉም በነፃ የሚረዱ የፓተንት ጠበቆች የሚገኙበት ፕሮግራም አለ፤ የፓተንት ቢሮውን ይጠይቁ።

አሻሻጮችና «ነዳጅ ቆጣቢዎች»

«ሐሳብዎን ይንገሩን፣ ለፋብሪካ እንሸጥልዎታለን» የሚሉ ማስታወቂያዎችን ሰምተው ይሆናል። በ1999 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ውል ከማስፈረሙ በፊት በጽሑፍ እንዲነግርዎ ያስገድደዋል፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ፈጠራ መረመረ፣ ስንቱን ወደደ፣ ስንቱን አልወደደም፣ ስንት ደንበኛስ ከከፈለው በላይ አተረፈ? ይህን ይጠይቁ። «በኋላ እንነግርዎታለን» ካሉ፣ ወይም የሚመጣውን ሐሳብ ሁሉ የሚያወድሱ ከሆነ፣ ቼክዎን ኪስዎ ውስጥ መልሱ።

ፈጠራዎ ነዳጅ ቆጣቢ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያድርጉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነዳጅ ይቆጥባሉ የተባሉ ከመቶ በላይ መሣሪያዎችን መርምሮ ይህ ነው የሚባል ቁጠባ አላገኘም። የጭስ መቆጣጠሪያን መንቀልና ማሰናከልም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ሙከራዎን እንጀራዎ በሆነው ታክሲ ላይ አይጀምሩ። ምርመራ ቢወድቅ የሚቆመው ሥራዎ ነው፤ ኢንሹራንስዎ የማያውቀው ለውጥም አደጋ ቢደርስ ለክርክር ይዳርጋል። በአሮጌ ሞተር ይሞክሩ፤ ውጤቱን ከነቀኑ በመዝገብ ይያዙ።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ

ፓተንት ለማመልከት ዜጋ መሆን ወይም ግሪን ካርድ መያዝ አያስፈልግም። የጥገኝነት ጉዳይዎ ገና በመታየት ላይ ቢሆንም ማመልከት ይችላሉ። ይሁን እንጂ መደበኛው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 ወር በኋላ ለሕዝብ ይታተማል፤ የፈጣሪው ስምና የሚኖርበት ከተማ አብሮ ይወጣል። ይህ የሚያሳስብዎ ከሆነ አስቀድመው ጠበቃዎን ያማክሩ።

ፓተንት የሥራ ፈቃድ አይደለም፤ ግሪን ካርድም አያሰጥም። በአንዳንድ የግሪን ካርድ ማመልከቻዎች እንደ አንድ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። «ፓተንት እናወጣልዎታለን፣ ወረቀትዎም በዚያው ያልቃል» የሚል ሰው ቢመጣ በሩን ያሳዩት።

ኦቶ ሻይና ስኳር ሻጭ፣ ዛኮው የትንሽ ከተማ አንጥረኛ ነበር። እነርሱ የሠሩት ከእርስዎ እጅ የሚርቅ አይደለም። ዛሬ ማታ ከሥራ ሲገቡ ደብተር ያውጡ፤ የሠሩትን ነገር ይሳሉ፣ ቀኑን ይጻፉ፣ ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት ይሂዱ። ተራ ላይ ከጎንዎ ለቆመው ባልደረባ የሚነግሩት ማመልከቻው ከገባ በኋላ ይሁን። ጓደኛነቱ ያን ያህል ቀን ይታገሳል።