የኮርሳ መሪ በጣሳ አይጠበቅም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ኮርሳ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጭኖ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጣ። ከዚያ በፊት እየነዳው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ መሪው ወደ ታች ዞሮበት ክርኑ ተልጧል። መሪውን ስፈታው ከማሰሪያው ውስጥ የለስላሳ ጣሳ ቁራጭ ወጣ።

«መሪ ሁሉ አንድ ነው አይደል?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አይደለም። የሚታሰርበት መሃሉ በድሮዎቹ 25.4 ወይም 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአሁኖቹ በአብዛኛው 31.8። በ25.4 እና በ26 መካከል ያለው የ0.6 ልዩነት ለዓይን አይታይም፤ ሳይለኩ ገጥመው ክፍተቱን በጣሳ የሚጠቀጥቁትም ለዚህ ነው። በካሊፐር ለኩ።

ቆልማማውን በቀጥ ያለ መሪ ልትተኩ ነው? እንግዲያው የፍሬን መያዣውንም ግዙ። የኮርሳው መሪ እዚያ ጋ 23.8፣ ቀጥ ያለው 22.2 ነው። ወጪውን ሳስበው እኔ አልመክርም።

ስታስሩ፦ ማሰሪያው አራት ብሎን ካለው በብርጉላ በመስቀልኛ እያፈራረቃችሁ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ፤ የላይና የታች ክፍተቱ እኩል ይሁን። ብዙዎቹ ላይ 5 ኒውተን ሜትር ተጽፏል፤ በቧንቧ እያስረዘማችሁ አትጫኑት፣ ጥርሱ ያልቃል።

ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ። ሽቦው ከተወጠረ አጥሯል። በመጨረሻም ሙሉ ክብደታችሁን ፍሬን መያዣው ላይ ጣሉ። ከዞረ አትንዱት።

ግራ የገባው ቁጥሩ የሚታይበትን ፎቶ ይላክልኝ።