ክራንክሻፍት ከማቅለል በፊት ባላንሱን

ሞተር ለውድድር ሲገጣጠም ብዙ ልጆች ቀድመው የሚጠይቁት «ክራንክሻፍቱን ስንት ኪሎ ላስቀንሰው?» ብለው ነው። መቅደም ያለበት ግን «ባላንስ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ክራንክሻፍት የፒስተንን መመላለስ ወደ ዙር የሚቀይር ዘንግ ነው። ሲቀል ሞተሩ የሚያመነጨው ጉልበት አይጨምርም። የሚቀንሰው ዘንጉን ራሱን ለማፋጠን የሚሄደው ጉልበት ነው። በመሆኑም ነዳጅ ስትረግጡ ዙሩ ቶሎ ይወጣል፣ ስትለቁም ቶሎ ይወርዳል። በቃ፣ ጥቅሙ ይኸው ነው።

እሱም ቢሆን በሁሉም ማርሽ እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውን ቶዮታ ኤኢ86 እንውሰድ። የአንደኛ ማርሹ ሬሾ 3.587፣ የአምስተኛው 0.861 ነው። የማቅለሉ ውጤት የሚለካው በሬሾው ስኩዌር ስለሆነ በአንደኛ ማርሽ የምታገኙት ከአምስተኛው 17 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ከጠባብ ኩርባ ስትወጡ ይሰማችኋል፤ ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ከቁጥር አይገባም።

ባላንስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከዘንጉ መሃል 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ 10 ግራም ትርፍ ክብደት አለ እንበል። በደቂቃ 1,000 ዙር ላይ ግማሽ ኪሎ እንኳ በማይሞላ ኃይል ይጎትታል። በ3,500 ዙር 5.5 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። በ7,000 ደግሞ 22 ኪሎ! ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናልና። ያ ሁሉ የሚያርፈው ብሮንዚኑ ላይ ነው።

«ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ፒስተኖቹ ስለሚካካሱ ካውንተር ዌይቱ ቢላጥ ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ከውጭ ንዝረቱ ላይታወቅ ይችላል። ውስጥ ግን የዋናው ብሮንዚን ጭነት ይጨምራል። ፒስተኑና ቢየላው ሳይቀሉ እሱን ብቻ መላጥ ገንዘብ ከፍሎ ዕድሜ ማሳጠር ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ዘንጉ ስንጥቅ እንደሌለው ይመርመር። ፒስተኖቹ ክብደታቸው እኩል ይደረግ፤ ቢየላዎቹም ሁለቱ ጫፎቻቸው ለየብቻ ይመዘኑ። ማቅለልና መሞረድ ካለ ከዚያ ይከተላል። ባላንስ ከቮላኖውና ከፑሊው ጋር መጨረሻ ላይ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ብረት የነካ ሥራውን አበላሸው ማለት ነው።

ዙሩ ቶሎ እንዲወጣ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ከቮላኖ ጀምሩ። ከመሃል በእጥፍ የራቀ ግራም ውጤቱ አራት እጥፍ ነው። ግን ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ያለ ልክ የሳሳ ቮላኖ በከፍተኛ ዙር ሊፈነዳ ይችላል፤ ያኔ የሚጎዳው ሞተሩ ብቻ አይደለም።

በጀታችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ባላንሱን ምረጡ። ስትረከቡም «ተሠርቷል» በሚል ቃል አትመለሱ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ስንት ግራም ልዩነት እንደቀረ በቁጥር ይንገሯችሁ።