በበረሃ ሸለቆ የቀን ጉዞ የሚያጋጥሙ ሁለት አደጋዎች

ተራራ የሚወጣ ሰው ጉዞውን በአቀበት ጀምሮ በቁልቁለት ይፈጽማል። የሸለቆ ጉዞ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በሚገኘው ግራንድ ካንየን ከደቡባዊው አፋፍ እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። ተጓዡ በማለዳው ቅዝቃዜ በቀላሉ ይወርዳል፤ አቀበቱን የሚጀምረው ግን ኃይሉ ሲደክምና የሸለቆው ወለል ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ነው። የፓርኩ አስተዳደር በሞቃቱ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በሸለቆው ውስጥ እንዳይጓዙ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የአየሩ ሙቀት ከቆዳ ሙቀት ሲበልጥ ሰውነት ሙቀቱን የሚያስወግደው በላብ ትነት ብቻ ነው። በደረቅ አየር ላብ ወዲያው ስለሚተን ተጓዡ ምን ያህል ፈሳሽ እንዳጣ አይገነዘብም።

የመጀመሪያው አደጋ ሙቀት አንጎልንና ሌሎች የውስጥ አካላትን ሲጎዳ የሚከሰተው ድንገተኛ ሕመም ነው። ምልክቶቹ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ የውስጥ ሰውነት ሙቀትና የአእምሮ መታወክ ናቸው። በአካል ድካም ምክንያት የመጣ ከሆነ ቆዳው በላብ ርሶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ላብ መኖሩ ሕመሙን ውድቅ አያደርግም። የትኩሳት ማስታገሻ መድኃኒት አይጠቅምም። ሕመምተኛውን ከማጓጓዝ በፊት ማቀዝቀዝ ይገባል፤ ይኸውም በቀዝቃዛ ውኃ በመንከር ወይም ውኃ እያርከፈከፉ በማራገብ ሲሆን፣ ሙቀቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከ39 ዲግሪ በታች እንዲወርድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አደጋ ውኃ አብዝቶ ከመጠጣት የሚመጣ የደም ሶዲየም ማነስ ነው። ይህ ችግር በግራንድ ካንየን ተጓዦች ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕክምና ጽሑፎች ተገልጿል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት፣ ግራ መጋባትና መንቀጥቀጥ ያስከትላል። ምልክቶቹ ከመጀመሪያው ጋር ስለሚመሳሰሉ ተጨማሪ ውኃ መስጠት ሕመምተኛውን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው አስቀድሞ በፊንጢጣ ሙቀት ይለካል፤ የብብትና የአፍ ልኬት ያሳስታል። ቀጥሎም ሕመምተኛው ምን ያህል እንደጠጣ፣ ምግብ እንደቀመሰና እንደሸና ይጠይቃል። ሙቀቱ እምብዛም ሳይጨምር አእምሮው ከታወከና ብዙ ውኃ ከጠጣ፣ የሶዲየም ማነስ ይጠረጠራል። ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ውኃ ተከልክሎ ጨዋማ ሾርባ ይሰጣል፤ ለሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ለሳተ ደግሞ 3 በመቶ የጨው መፍትሔ 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ይሰጣል።

በዓባይ ሸለቆም ሆነ በአፋር ቆላ የሰውነት አሠራር አንድ ነው። ሕመሙ «ምች» ተብሎ በቤት ሲቆይ ማቀዝቀዝ የሚገባበት ጊዜ ያልፋልና፣ ይህን ለኅብረተሰቡ ማስረዳት የባለሙያው ተግባር ነው።